የአያቴ ሰባት ጫማ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእናቴ ስልክ ጠራ። ምስር እየለቀምን ነበር። እናቴ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ ማውረድ ስላልፈለገች እኔ አነሳሁት። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ያስተማረችኝ የሂሳብ መምህሬ ናት።

«ያ የጻፍሽልኝ ወረቀት አለ አይደል፣ የጥላው?»

«አዎ ቲቸር። ስህተት አለው እንዴ?»

«ምን ስህተት አለው! አባዝተነዋል። ሰኞ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ በእጁ ይዞት ነው የሚገባ። ምስስል ጎነ ሦስትን ዘንድሮ ከመጽሐፉ አይደለም የምጀምረው፣ ካንቺ ወረቀት ነው።»

ስልኩ ሳይዘጋ ጮህኩ። እናቴ ደንግጣ ስትነሳ ምስሩ በሙሉ ተደፋ።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም! ወረቀቴ ትምህርት ሆነ! እኔ የጻፍኩት ትምህርት ሆነ!»

እናቴ እየሳቀች ምስሯን ስትሰበስብ እኔ እየሮጥኩ ወጣሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ ጽሑፍ ማለት መምህር የሚሰጠውን መገልበጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሌላ ሰው የእኔን ሊገለብጥ ነው! ቤቱን ዞሬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አያቴ የሚቀመጡባት ጉቶ አለች።

«አባባ!» ብዬ ተጣራሁ። «አባባ፣ ሰሙ?»

ጉቶዋ ባዶዋን ነበረች። አያቴ ከሞቱ ሰባት ወራቸው ነው። ይህን ረስቼ አልነበረም፤ ደስታው ቀድሞኝ ነው። ለእናቴ «ማንም አልሞተም» ያልኩት ትዝ ሲለኝ እዚያው ጉቶዋ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እየሳቅሁ የወጣሁት ልጅ ፊቴን ታጥቤ ነው የገባሁት።

ወረቀቱ የእሳቸው ነው። እንዴት የእሳቸው እንደሆነ ላውራችሁ።

አያቴ ቄስ አይደሉም። በልጅነታቸው የድጓ ትምህርት ወደሚሰጥባት ወደ አገራችን ቤተ ልሔም ሄደው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ትምህርቱን ሳይጨርሱ አባታቸው ሞቱና ወደ እርሻ ተመለሱ። ከዚያ ትምህርት ይዘውት የመጡት አንድ ነገር ነው፤ ሰዓትን በጥላ መለካት። በዚህም የተነሣ ከእኛ ቤት በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የጾሙን ሰዓት የሚለኩትና ደወሉን የሚደውሉት እሳቸው ነበሩ። ደወሎቻችን ድንጋይ ናቸው፤ ሦስት ረጃጅም ድንጋዮች በእንጨት ላይ ተንጠልጥለው በሌላ ድንጋይ ይመታሉ። በዓቢይ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ያ ደወል ይሰማል። በማሳ ያለው ሞፈሩን፣ በቤት ያለችው ወፍጮዋን አቁመው ያን ጊዜ ነው እህል የሚቀምሱ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከደወሉ አጠገብ ሣር የሌለው ልሙጥ መሬት አለ። አያቴ ጫማቸውንና ጥምጣማቸውን አውልቀው ፀሐይን ከኋላቸው አድርገው ይቆማሉ። እኔ የጥላቸው ራስ ከሚያርፍበት ላይ ጠጠር አኖራለሁ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ጠጠር አኗሪዋ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ከቆሙበት ተነሥተው፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት እያስጠጉ፣ በግዕዝ እየቆጠሩ ወደ ጠጠሩ ይራመዳሉ። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ... ሰብዐቱ ሲሉ ጣታቸው ጠጠሬን ከነካ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሌላው ወር ሌላ ቁጥር አለው፤ የጾሙ ግን ሰባት ነው።

አንድ ቀን፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ «ዛሬ እኔ ልቁጠር» ብዬ አስቸገርኳቸው። ፈቀዱልኝ። የእሳቸውን ጥላ በእኔ እግር ለካሁትና አሥራ አንድ አገኘሁ።

«አባባ! አልፎብናል! አሥራ አንድ ጫማ ሆኗል!»

ከበሩ ላይ ደወል የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። አያቴ ግን አልሳቁም። ቁጢጥ ብለው እግሬን በእጃቸው ያዙና፣

«ይህቺ እግር የማን ናት?» አሉኝ።

«የእኔ።»

«ያ ጥላስ?»

«የእርስዎ።»

«በቃ። የሰው ጥላ በራስሽ እግር አይለካም። ረጅም ሰው ረጅም እግር፣ አጭር ሰው አጭር እግር ተሰጥቶታል። ሁሉም በራሱ ሲለካ አንድ ቁጥር ላይ ይገናኛል። ነይ፣ ያንቺን በራስሽ ለኪው።»

ለካሁት። ሰባት። ከእሳቸው ደረት የማልደርስ ልጅ፣ እንደ እሳቸው ሰባት! ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ምስስል ጎነ ሦስትን የተማርኩት ያን ቀን ነው። ስሙን ግን አላውቀውም ነበር።

የስልክ ዘጠኝና የአያቴ ዘጠኝ ድሮም አይገናኙም። ስልኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀድማል። መምህሬ ኋላ እንዳስረዳችኝ ስልክ ለአገሩ ሁሉ አንድ ሰዓት ነው የሚናገር፤ ፀሐይ ግን ከምሥራቅ ጫፍ ተነሥታ እኛ ጋ እስክትደርስ ትዘገያለች። ይህን የእኛ ሰው በምክንያቱ ባያውቀውም ለምዶት ነበር። ስልኩ ዘጠኝ ሲል ሰው ውሃ ያወርዳል፣ ወጥ ያሞቃል፤ ከዚያ የአያቴ ደወል ይሰማል።

ስምንተኛ ክፍል የነበርኩ ጊዜ ግን ግማሹ ሰዓት ሙሉ ሰዓት እየሆነ መጣ። ወጡ ሞቆ ይቀዘቅዛል። ጎረቤታችን፣ አፉ የማያርፍ ገበሬ፣ በሬዎቹን እየነዳ ሲያልፍ፣

«አባ፣ ፀሐይቱ ዛሬ ወገዳ ገበያ ውላ ነው እንዴ የምትመጣ?» ይላቸዋል።

«አንተ ሆዳም! የቸኮለው ሆድህ ነው እንጂ ፀሐይማ ከመንገዷ አልወጣችም።»

«ኧረ አባ፣ ሆዴማ መጮህ ትቶ ማልቀስ ጀመረ!»

አያቴ ከእሱ ጋር ይሳሳቁና ብቻቸውን ሲሆኑ ይጨነቃሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይለካሉ። ቁጥራቸው ትክክል ነው። ጠጠሬ ትክክል ነው። አንድ ቀን ከጉቶዋ ላይ ተቀምጠው የግራ እግራቸውን በስንዝር ሲለኩ አገኘኋቸው።

«ምን እያደረጉ ነው አባባ?»

«እግሬ አድጎብኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉኝ። አልቀለዱም። በሰማንያ ዓመታቸው እግራቸውን ጠረጠሩት። ፀሐይን ግን አንድም ቀን አልጠረጠሩም።

በዚያው ሰሞን መምህራችን ምስስል ጎነ ሦስትን በሰሌዳ አስተምራን ግማሻችን ስላልገባን ከባንዲራው እንጨት ሥር አወጣችን። የአንድ ተማሪ ቁመትና ጥላ ተለካ፤ የእንጨቱ ጥላ ተለካ፤ ከሦስቱ ቁጥር የእንጨቱ ቁመት ወጣ። «ቁመቱ ካጠረ ጥላው በዚያው ልክ ያጥራል» ስትል ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ጮኸ። አያቴ! የአያቴ ጀርባ! ድሮ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ቁመታቸው በራሳቸው እግር ስድስት ተኩል ያህል ነበር። አሁን ጎብጠው አምስት ቢሆኑ ነው። አጭር ሰው ረጅም እግር ይዞ ቀረ ማለት ነው። የአጭር ሰው ጥላ በረጅም ሰው እግር ሰባት እስኪሞላ ፀሐይ ገና ብዙ መውረድ አለባት። የሚያዘገያቸው ይኸው ነው!

እጄን አወጣሁ። ተናገርኩ። መምህሬ አይኗ በራና «ጎበዝ! ለሁሉም አስረጂልን» አለችኝ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አንዱ ተማሪ ከኋላ፣ «እስቲ እንዴት እንደሚቆሙ አሳዪን!» አለ። አሳየሁ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን እንደ ኤሊ አውጥቼ፣ አሐዱ ክልኤቱ እያልኩ ተራመድኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ድገሚው!» አሉ። ደገምኩት። እንደዚያ ሰው ስቆልኝ አያውቅም ነበርና ጣፈጠኝ።

ዓርብ ዕለት ትምህርት አልነበረምና ከአያቴ ጋር አርብ ገበያ ወጣን፤ ጧፍ ሊገዙ። ጨው የምትሸጥ ሴትዮ አየቻቸውና ፈገግ ብላ፣

«ውይ አባ፣ ጎባጣው ሰዓት የሚሏቸው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«ምን አልሽ?»

«ልጆቹ ናቸዋ! ልጄ እቤት መጥታ ስታሳየን በሳቅ ሞትን። የልጅ ልጃቸው ናት አሉ ያሳየቻቸው።»

ክፋት አልነበራትም። እኔን አታውቀኝም፤ ጧፉን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አያቴ ዞረው አላዩኝም። «እግዜር ይስጥሽ» ብለው መንገድ ጀመሩ።

ፀሐይ ከበስተጀርባችን ስትሆን ጥላቸው ከፊታቸው ወደቀ። እየቆሙ ያዩታል። ጀርባው ክብ፣ ራሱ ወደ መሬት። ጥላቸው አጥሮ ሳይ ጉብጠታቸውን እኔም ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ከኋላ ከኋላ ስከተል ጥላቸውን እንዳልረግጥ እየተጠነቀቅሁ ነበር፤ እንደዚያ መጠንቀቅ የነበረብኝ ቀደም ብሎ ነበር።

በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጫማቸውን አወለቁ። ጥምጣማቸውን አወለቁ። ቆሙ። ከዚያ ቀጥ ለማለት ሞከሩ። ሁለት እጃቸውን ከወገባቸው ላይ አድርገው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ ሲገፉት አየሁ። መሬት ላይ ያለው ጥላ ትንሽ፣ የአንድ ጣት ያህል፣ ወደ ፊት ሄደና ተመለሰ። እንደገና ገፉት። እንደገና ተመለሰ።

«ጠጠሩን አኑሪ» አሉኝ።

አኖርኩ። ስድስት ሆነ። አንድ ይቀራል። ከበሩ ላይ ሰው ይጠብቃል፤ ጎረቤታችን እንኳ ያን ቀን ዝም ብሏል። አያቴ ጠጠሩን አዩ፣ ሰዉን አዩ። ከዚያ ሰባቱን ሳይጠብቁ ሄደው ደወሉን መቱ። በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው ነው። መትተው ሲጨርሱ የመምቻውን ድንጋይ ለቄሱ በእጃቸው አስያዟቸውና፣

«ከእንግዲህ በስልኩ ይሁን» አሉ።

በማግስቱ ከጉቶዋ ላይ ሆነው ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ። «ለልጆቹ ያሳየሽውን አሳዪኝ» አሉኝ። ማልቀስ ስጀምር፣ «መሄዱን አይደለም፤ ሂሳቡን» አሉ።

በስንጥር መሬት ላይ ሠራሁላቸው። አንድ ቀጥ ያለ ሰው፤ ከራሱ እስከ ጥላው ራስ የሚሄድ የፀሐይ መስመር። ከጎኑ ያጠረ ሰው፤ ያው የፀሐይ መስመር። ሁለት ጎነ ሦስቶች፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ መልካቸው አንድ። እኔን ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን እሳቸው ስንጥሩን ሳላነሳ ተረዱት።

«ልክ ነሽ» አሉ። «የጎደልኩት እኔ ነኝ።»

ያቺ «ልክ ነሽ» እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ አለች። ብሳሳት በወደድኩ።

ቶሎ ብዬ መላ አመጣሁ። «አባባ፣ መቋሚያዎ አለ አይደል? ቀጥ ያለ ነው። እሱን እናቁመውና ጥላውን እንለካው። ጥላው ከራሱ ርዝመት ትንሽ ሲያልፍ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ይሠራል! ደወሉን ይመልሱልዎታል!»

መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ዳበሱት።

«መቋሚያ አይርበውም ልጄ» አሉኝ። «ሰዓቱን የሚለካው የሚጾመው ነበር።»

ደወሉም በስልክ ቀጠለ።

በቀጣዩ ዓመት ጾም ሲገባ የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ አያቴ ከጓሮ እየጠበቁኝ ነው። መሬቱን ራሳቸው ጠርገውታል።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አሉኝ።

«እኔ?»

«አንቺ እየጾምሽ አይደል? ቁሚ።»

ቆምኩ። እሳቸው ጠጠሩን ያዙ፤ ከጥላዬ ራስ ላይ አኖሩት። ብዙ መታጠፍ አላስፈለጋቸውም። «ለጠጠር ማኖሩስ ጉብጠቴ ጠቀመኝ» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ሳቂ እንጂ! ለልጆቹ ስታሳዪ ስቀሽ የለ?» አሉኝ። ቀልዱ ይቅርታቸው እንደነበር የገባኝ በዚያው ነው። ሳቅሁ፤ ስስቅ ዕንባዬ መጣ።

ያን ጾም በሙሉ እንደዚያ አሳለፍነው። የስልኩ ደወል ቀድሞ ይጮሃል፣ አገሩ ይበላል። አያቴ ከጉቶዋ ላይ ሆነው የእኔን ሰባት ይጠብቃሉ።

ወደ መጨረሻው ሳምንታት ደከሙ። አንድ ቀን ከንፈራቸው ደርቆ፣ እጃቸው ጠጠሯን መያዝ አቅቶት አየሁ። እናቴ ውሃ ይዛ ቆማለች። ያ ጎረቤታችንም ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር። «አባ፣ ደወሉ ከተመታ ቆየ እኮ፤ ይቅመሱ» እያለ ይለምናቸዋል። እንቢ አሉ። እኔ ቆምኩ፤ ጠጠሩ ተቀመጠ። ስራመድ ስድስት ብቻ እንደሚሆን ገና ከሩቁ ታወቀኝ። አሐዱ፣ ክልኤቱ ብዬ እየቆጠርኩ፣ መኻል ላይ ተረከዜን እስከ ጣቴ ጫፍ ሳላደርስ ጠባብ ጠባብ ረገጥኩ፤ አንዱን እግሬን ከሌላው ግማሽ ጎን አሳረፍኩ። «ሰብዐቱ!» አልኩ።

ጎረቤታችን አንገቱን ዘመም አድርጎ መሬቱን አየ። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ሰባት ነው እንዴ?» አለ።

አያቴ ጠጠሩን አዩ። እኔን አዩኝ። ለስልሳ ዓመት ጥላ ሲለካ የኖረ አይን ነው።

«ሰባት ካለች ሰባት ነው» አሉትና ውሃውን ከእናቴ ተቀብለው ጠጡ።

በማግስቱ ብቻችንን ስንሆን፣ ጠጠሩን ይዘው ሳያዩኝ፣ «ዛሬ ተረከዝሽን ከአውራ ጣትሽ አስጠጊ» አሉኝ። ይኸው ብቻ። ስህተቴን በሰው ፊት አላነሱትም። እኔ ግን የእሳቸውን በሰው ፊት ነበር ያነሳሁት፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ያውም እየተሳቀልኝ።

በሐምሌ ሞቱ። ሳምንቱን በሙሉ ዝናብና ጉም ነበር። በተቀበሩ ዕለት ከለቀስተኛው አንድም ሰው ጥላ አልነበረውም።

ወረቀቱን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። መምህሬ ለለቅሶ መጥታ ሳለ «የጥላውን ነገር ጻፊው» ስላለችኝ። ስጽፍ ጎነ ሦስቱን ብቻ ልጽፍ ነበር። ግን ጎነ ሦስቱ ያለ ጀርባቸው አልቆም አለኝ። በተማሪዎቹ ፊት እንዴት እንደተራመድኩም ጻፍኩት። ቅዳሜ ስትደውል መምህሬ፣ «ያንን ቦታ ላውጣልሽ? ተማሪ ሁሉ ሊያነበው ነው» ብላኝ ነበር። «አይውጣ ቲቸር» አልኳት። ጎረቤታችን እንኳ ወሬውን ሰምቶ ሲመጣ፣ «እኔስ አለሁበት?» አለኝ። አለህበት ስለው፣ «ሆዳም ማለታቸውን ጻፍሽው?» አለና ዞር ብሎ አይኑን ጠረገ።

ሰኞ ጾም ይገባል። የስምንተኛ ክፍል ልጆች በየቤታቸው ለክተው እንዲመጡ መምህሬ ጠርታቸዋለች። እኔ ደግሞ እናንተን ልጥራ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልሙጥ መሬት ፈልጉ። ጫማችሁን አውልቁ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ አንድ ሰው ጠጠር ያኑርላችሁ፤ በራሳችሁ እግር፣ ተረከዝን ከአውራ ጣት አስጠግታችሁ ቁጠሩ። ከእናንተ ያነሰውንም ጥሩት፤ በራሱ እግር ይቁጠር፤ ቁጥራችሁ ሲገናኝ ታያላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ የጎበጡ ሰው ካሉ እሳቸውንም ጋብዙ። ጠጠሩን እናንተ አኑሩላቸው። ቁጥሩ ከእናንተ ቢለይ ጮክ ብላችሁ አትናገሩ፤ ጠጋ በሉና በጆሯቸው ንገሯቸው።